ከመስቀል በኋላ ድንች መትከል፦ ለባሕር ዳር ጓሮ

መስከረም ሲጋመስ «ዘንድሮም ድንች ሳልተክል ክረምቱ አለፈ» የሚል ሰው ባሕር ዳር ውስጥ ሞልቷል። በደጋው አቆጣጠር ከሄድን ልክ ነው። ሰከላ፣ ባንጃ ወይም ፋርጣ ያለ ገበሬ ዋናውን ድንች የሚተክለው ዝናቡ ሲገባ ነው። እዚያ ዘግይቶ የተተከለ ድንች ገና ሳያፈራ ውርጭ ይመታዋል።

እኛ ግን ደጋ አይደለንም። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለው፤ ውርጭ አያሰጋንም። እንዲያውም እዚህ ድንችን የሚፈጀው ክረምቱ ነው። ዝናቡ ሳያባራ፣ ቅጠሉ ሳይደርቅ ሲውል ሲያድር ዋግ ይገባበታል። ዛሬ አረንጓዴ የነበረው መደብ በሳምንት ውስጥ ጠቁሮ ይበሰብሳል። ስለዚህ እንደ እኔ ከሆነ ለጓሮ ከመስቀል በኋላ ያለው ጊዜ ከሰኔ ይሻላል። ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ የጎነቆለ ዘርና የማይቋረጥ ውኃ። ዘግይቶ የተተከለ ድንች ሲበላሽ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ስለጎደለ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን አስሉ

ድንች እንደ ዝርያው ከተተከለ ከ90 እስከ 120 ቀን ይፈልጋል። ደግሞም ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲል ነው ከሥሩ ፍሬ የሚቋጥረው። ሌሊቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ተክሉ ቅጠል ብቻ እያበዛ ሥሩ ባዶ ይቀራል። ባሕር ዳር ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ሌሊት ለዚህ የተመቸ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ግን ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ አፈሩም ይግላል።

ከዚህ ተነስታችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ምርጡ ጊዜ ከመስቀል እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው። በዚያ የተተከለ አብዛኛው ጥር ወይም የካቲት ላይ ይደርሳል፤ ለዐቢይ ጾምም ይውላል። ኅዳር ላይም ይቻላል፤ ምርቱ ግን ይቀንሳል። ታኅሣሥ ከገባ አረንጓዴ ያልሆነውን ድንች ከመትከል ይልቅ ቀቅላችሁ በዳጣ ብትበሉት ይሻላል። ፍሬው የሚሞላበት ጊዜ ከሙቀቱ ጋር ይጋጫል።

ዘሩ ላይ አትቸኩሉ

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። ብዙ ሰው መስከረም ላይ ቅዳሜ ገበያ ይሄድና የሚያምር፣ ልስልስ ያለ አዲስ ድንች ገዝቶ ይመጣል። በማግስቱ ይተክለዋል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ሳምንት ያልፋል፣ ወር ያልፋል፣ ምንም የለም። ቆፍሮ ሲያየው ድንቹ እንዳለ ቁጭ ብሏል፤ ወይ በስብሷል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አዲስ የተቆፈረ ድንች ይተኛል። ከወጣ በኋላ ሁለት ሦስት ወር ካልሞላው ዐይኑ አይነቃም። አፈር ውስጥ ብትከቱት፣ ውኃ ብታጠጡት አይሰማችሁም። የክረምቱ ድንች ገበያ የሚገባው ደግሞ ልክ እኛ ልንተክል ስንነሳ ነው። ስለዚህ ከሻጯ ፊት ስትቆሙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ዋጋውን አይሁን።

«እናቴ፣ ይሄ ድንች ከተቆፈረ ስንት ጊዜው ነው?»

«አዲስ ነው ልጄ፣ ትናንት የመጣ ነው።»

ለወጥ ከሆነ ጥሩ መልስ ነው። ለዘር ከሆነ አመስግናችሁ እለፉ። የምትፈልጉት ቆየት ያለውን፣ ቆዳው ትንሽ የተጨማደደውን፣ ዐይኑ ማበጥ የጀመረውን ነው። ለምግብ ማንም አይፈልገውምና ብዙ ጊዜ በቅናሽ ይገኛል።

ከተቻለ ግን ከገበያ ይልቅ የዘር ድንች ከሚያባዙ ገበሬዎች መግዛት ይሻላል። ከባሕር ዳር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል እንደ ጓሳና ዘንገና ያሉ ዝርያዎችን ያወጣ ነው። ከሆለታ ምርምር ማዕከል የወጡት ጃለኔ፣ ጉዴኔና በለጠም በገበሬው እጅ ገብተዋል። በለጠ በ2009 እ.ኤ.አ. የተለቀቀ ሲሆን ዋግን በመቋቋምና በምርታማነቱ ይታወቃል። ዘግይታችሁ የምትተክሉ ከሆነ ቶሎ የሚደርሰውን ዝርያ ምረጡ። ሻጩ የዝርያውን ስም ባያውቅ እንኳ «በስንት ወሩ ይደርሳል?» ሲባል መልስ አያጣም።

መጠኑ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ይሁን። ትልቁን ቆርጦ መትከል በሌላ አገር የተለመደ ነው፤ እዚህ ግን አልመክርም። አፈራችን ሞቃት ስለሆነ የተቆረጠው ፊት ቶሎ ይበሰብሳል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ቢላው ነው። አንዱ ድንች አጠውልግ በሽታ ካለበት ያው ቢላ ለሁሉም ያዳርሰዋል።

ዘሩን ቤት ስታመጡት ዘርጉት። ቀጥታ ፀሐይ የማያገኘው ግን ብርሃን ያለበት ቦታ ይሁን፤ በረንዳ፣ የኩሽና መስኮት ሥር፣ አየር የሚገባው መደርደሪያ። ድርቡ ከሁለት አይብለጥ። በዚህ አኳኋን ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ አጭር፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ጉንቁል ያወጣል። አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሲሆን ለተከላ ደርሷል። ድንቹ ራሱ አረንጓዴ ቢሆን ለዘር ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ይጠነክራል። መብላት ግን የለም።

ጨለማ ውስጥ ያስቀመጣችሁት ረጅም ነጭ ክር ያወጣል። ስትነኩት ይሰበራል፤ ቢተከልም ደካማ ነው። ዘሩ እምቢ ብሎ ከተኛባችሁ ለጥቂት ቀን በጭድ ሸፍናችሁ ሞቅ ያለ ጨለማ ቦታ አቆዩት፤ ዐይኑ ነጥብ ነጥብ ማለት ሲጀምር ወደ ብርሃን መልሱት። ይህን ሁሉ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከጀመራችሁ መስቀል ሲደርስ ዘራችሁ ዝግጁ ነው። የጎነቆለ ዘር ካልጎነቆለው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቀድማል። ለዘገየ ሰው ሁለት ሳምንት ትልቅ ነገር ነው።

ቦታና አፈር

ግቢያችሁ ውስጥ ማንጎ፣ አቮካዶና ጌሾ ሞልቶ ከሆነ መጀመሪያ ጥላውን ተመልከቱ። ድንች በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ይፈልጋል። የጠዋቱን ፀሐይ አግኝቶ ከሰዓት በኋላ ጥላ ቢያርፍበት አይጎዳም፤ ኅዳር ላይ ለሚተክል እንዲያውም ይጠቅመዋል።

ቀይ አፈር ያላችሁ እድለኛ ናችሁ። ዋልካ የሆነባችሁ ደግሞ መደቡን አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉት፤ ኮምፖስት አብዙበት። ዋልካ ሲረጥብ ውኃ ይቋጥራል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ በኩል የሚገባውን ነፍሳት ወደ ኋላ እናነሳዋለን። ሐይቁ ሲሸሽ የሚገለጠው የባሕር ሸሽ መሬት ያላችሁ ውኃው ለተወሰነ ጊዜ አያሳስባችሁም፤ ጉማሬው ግን ያሳስባችኋል። በአንድ ሌሊት መደቡን ረጋግጦ ያልፋል። አጥር ጉማሬን ብዙም አያግደውም፤ ከውኃው ራቅ ብሎ መትከሉ ይሻላል።

ባለፉት ሦስት ዓመታት ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ በርበሬ ወይም ድንች የነበረበትን ቦታ ተዉት። ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው፤ በሽታቸውም አንድ ነው። በቆሎ፣ ባቄላ ወይም ነጭ ሽንኩርት የነበረበት መሬት ጥሩ ነው።

ፍግ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር የተብላላ ይሁን። ትኩሱ ዘሩን ያቃጥላል፤ ትልም ይጠራል። እንቦጭን ለኮምፖስት የምትጠቀሙ ካላችሁ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ሳያብብ ይነሳ፤ ከውኃ ርቆ በደንብ ይድረቅ። ዘሩ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል፤ ከጓሯችሁ በጎርፍ ተመልሶ ጣና ቢገባ የሐይቁን መከራ ማባባስ ነው።

አተካከል

ለምሳሌ አራት ሜትር በአምስት ሜትር የሆነ ቦታ አለን እንበል። በመስመርና በመስመር መካከል 75 ሴንቲ ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል 30 ሴንቲ ሜትር እንተዋለን። በግምት አንድ ክንድ ተኩልና አንድ ስንዝር ተኩል ማለት ነው። አምስት መስመር፣ በየመስመሩ 16 ድንች፤ 80 ተክል ይሆናል። አምስት ኪሎ ገደማ ዘር ይበቃዋል።

መሬቱን ሁለት ጊዜ ቆፍሩት። ጓሉን ሰብሩ፤ ሥሩንና ድንጋዩን ልቀሙ። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ቦይ አውጡ። በየቦታው ሁለት እፍኝ ኮምፖስት ጣል አድርጉና ከአፈሩ ጋር ደባልቁት። የፋብሪካ ማዳበሪያ ካላችሁ ለዚህ ቦታ 400 ግራም ኤንፒኤስ በቂ ነው፤ በቦይው ላይ በትናችሁ አፈር አልብሱት እንጂ ዘሩ ላይ በቀጥታ አይረፍ። ዩሪያውን የተክሉ ቁመት እስከ ጉልበት ሲደርስ ትንሽ ትንሽ ጣል ታደርጉለታላችሁ። ዩሪያ ማብዛት ቅጠል ማብዛት ነው። ጎረቤት «እንዴት ያምራል!» ይላል፤ ስትቆፍሩት ግን ሥሩ ላይ ለውዝ የሚያካክሉ ፍሬዎች ታገኛላችሁ።

ዘሩን ጉንቁሉ ወደ ላይ እንዲሆን አስቀምጡ። ጉንቁሉ እንዳይሰበር በእጅ አልብሱት፤ በእግር አትርገጡት። አፈሩ በተከላ ዕለት እርጥብ ይሁን፤ ጭቃ ግን አይሁን። ደረቅ ከሆነ ከተከላው አንድ ቀን በፊት አጠጡት። ዶሮ የለቀቀ ጎረቤት ካላችሁ ለመጀመሪያው ሳምንት እሾህ ጣል አድርጉበት።

ውኃ

እውነቱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ድንች በደረቅ ወቅት በሳምንት 30 ሚሊ ሜትር ያህል ውኃ ይፈልጋል። ለዚያች 20 ካሬ ሜትር ቦታ 600 ሊትር ይመጣል። 30 ጀሪካን ነው፤ በየሳምንቱ። ቧንቧችሁ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነና ጉድጓድም ሮቶም ከሌላችሁ የቦታውን ግማሽ ትከሉ። ግማሹን በደንብ ያጠጣ ሁሉን ካስጠማው ይልቅ የተሻለ ድንች ይበላል።

መጀመሪያ ላይ፣ ቡቃያው እስኪወጣ፣ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ከመጠን በላይ ካጠጣችሁት ዘሩ ይበሰብሳል። ከበቀለ በኋላ በሳምንት ሁለቴ ይሁን፤ ጥልቅ አድርጋችሁ አጠጡ። በየቀኑ ላይ ላዩን ረጨት ረጨት ማድረግ ሥሩን ሰነፍ ያደርገዋል። ከሁሉ የሚከፋው ጥም የአበባው ጊዜ ጥም ነው። ያኔ ነው ከታች ፍሬ የሚቋጠረውና የሚሞላው። በዚያ ሰሞን ለሠርግ ክፍለ ሀገር ከሄዳችሁ ሰው ወክሉ። አስጠምቶ ከዚያ በአንዴ ማጥለቅለቅም አይሆንም፤ ፍሬው ይሰነጠቃል፣ ውስጡም ክፍት ሊሆን ይችላል።

ሰዓቱ ጠዋት ይሁን። ውኃው ከሥሩ ይፍሰስ፣ ቅጠሉን አያርጥብ። የጤፍ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር በመስመሩ መካከል ብትጎዘጉዙ ውኃው ይቆያል፤ አፈሩም አይግልም። የሳሙና እጣቢ አታፍስሱበት።

መኮትኮትና አፈር ማስታቀፍ

ተክሉ አንድ ስንዝር ሲሆን ግራና ቀኙን ኮትኩታችሁ አፈሩን ወደ ግንዱ አስታቅፉት። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ድገሙት። ማስታቀፍ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ፍሬው ፀሐይ አይቶ አረንጓዴ እንዳይሆን ይሸፍነዋል፤ አረንጓዴው ሶላኒን የሚባል መርዝ እንዳለበት ምልክት ነው፣ ሆድ ያማል። ሁለተኛ፣ የድንች እራት የምትባለዋን የሌሊት ቢራቢሮ መንገድ ይዘጋል። አበባ ካወጣ በኋላ ጠልቃችሁ አትኮትኩቱ፤ ሥሩን ትቆርጡታላችሁ።

በሽታና ተባይ

ጥቅምት እስኪጋመስ ድረስ ዋግ ሊመጣ ይችላል። ዝናቡ ሙሉ በሙሉ አልወጣማ። ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ውኃ የነካው የሚመስል ቡናማ ነጠብጣብ፣ ከሥሩ ደግሞ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ እሱ ነው። ጥቂት ቅጠል ከሆነ ቆርጣችሁ ከግቢው አውጡ። ከተስፋፋ ማንኮዜብ ወይም ሪዶሚል የተባለ የዋግ መድኃኒት ይረጫል። እቃው ላይ ከተጻፈው መጠን አትለፉ፤ ከረጫችሁ በኋላ ለመብላት ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለበትም አንብቡ። ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ከሆነ እኔ ቅጠል መልቀሙን እመርጣለሁ። ኅዳር ከገባ ዋግ ራሱ ይተዋችኋል።

አጠውልግ ግን አይተውም። ባክቴሪያ ነው፤ እንደ እኛ ባለ ሞቅ ያለ ቦታ ይጸናል። ምልክቱ ግራ ያጋባል። ተክሉ አረንጓዴ እንደሆነ፣ አፈሩም እርጥብ እያለ፣ እኩለ ቀን ላይ ይጠወልጋል። ማታ ያገግማል። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ሳይነሳ ይቀራል። ሰው ውኃ የጠማው መስሎት ሲያጠጣው ለጎረቤቱ ተክል ያደርስለታል።

ለመለየት አንዲት ቀላል ዘዴ አለች። ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ቁረጡና ንጹሕ ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ጫፉ እንዲነካ አድርጋችሁ ያዙት። ሳታንቀሳቅሱ ትንሽ ቆዩ። ከተቆረጠው ጫፍ ወተት የመሰለ ነጭ ክር ወደ ታች ሲወርድ ካያችሁ አጠውልግ ነው። መድኃኒት የለውም። ተክሉን ከነአፈሩ ነቅላችሁ አቃጥሉ ወይም ራቅ አድርጋችሁ በጥልቀት ቅበሩ። ኮምፖስት ውስጥ አይግባ። መቆፈሪያውን እጠቡ። ከዚያ መደብ ድንችም ሆነ ዘመዶቹን ለዓመታት አርቁ።

በበጋው የሚመጡት ሌሎች ናቸው። ቆራጭ ትል ለጋውን ግንድ ሌሊት ከሥሩ ይቆርጠዋል፤ ጠዋት አጠገቡ ያለውን አፈር ጫር ጫር ብታደርጉት ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ነፍሳት ከቅጠሉ ሥር ይሰፍራል፤ ቫይረስም ያስተላልፋል፤ በውኃ ኃይል ማጠብ ብዙውን ያራግፈዋል። የድንች እራት ደግሞ በአፈሩ ስንጥቅ ገብታ ፍሬው ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። ትሉ ድንቹን ሸንቁሮ ይገባል። ያስታቀፈና አፈሩን እርጥብ ያደረገ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ጦጣውንስ? ሐይቁ ዳር ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ዘዴ አለኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ውሻ ይረዳል።

ቦታ ለሌለው ወይም በጣም ለዘገየ

ተከራይ ከሆናችሁ ማዳበሪያ ከረጢት ይሠራል። ከታች በሚስማር ብሱት። አንድ ሦስተኛውን በአፈርና በኮምፖስት ድብልቅ ሙሉት፤ ሁለት ወይም ሦስት ዘር አስቀምጡ፤ ተክሉ ሲያድግ አፈር እየጨመራችሁ የከረጢቱን አፍ ወደ ላይ ዘርጉት። አፈር በተጨመረ ቁጥር ድንቹም እስከ ላይ ይሞላል ሲባል ትሰማላችሁ፤ ብዙ አትጠብቁ። አብዛኛው ፍሬ ከዘሩ አካባቢ ነው የሚገኘው። ከረጢት ቶሎ ይደርቃል፣ ቶሎም ይግላል። ስለዚህ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከሰዓት የግንብ ጥላ የሚያርፍበት ቦታ ይሁን።

ኅዳር ላይ መሬት ላይ የምትተክሉም ያው ነው፤ በደንብ የጎነቆለ ዘር ብቻ፣ ወፍራም ጉዝጓዝ፣ የከሰዓት ጥላ። ያልጎነቆለ ዘር ይዛችሁ ኅዳር ላይ አትሞክሩት።

ማውጣት

ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ውኃውን ቀንሱ። ግንዱ ሲወድቅ ሙሉ በሙሉ አቁሙና ከላይ እጨዱት። ከዚያ ከ10 እስከ 15 ቀን ተዉት። በዚህ ጊዜ የፍሬው ቆዳ ይጠነክራል። በአውራ ጣት ስታሹት ቆዳው ካልተላጠ ደርሷል። ደጋ ላይ መሬት ውስጥ ለወራት ማቆየት ይቻላል፤ እዚህ ግን አፈሩ ሲሞቅ ይጎነቁላል፣ እራትም ትደርስበታለች። በጊዜው አውጡት።

ከመስመሩ ጎን ራቅ ብላችሁ ቆፍሩ። የተቆረጠውንና የተሸነቆረውን ለይታችሁ መጀመሪያ ብሉ። የቀረውን ሳታጥቡ ጥላ ላይ አድርቁት። ጨለማና አየር ያለበት ቦታ አስቀምጡት፤ የደረቀ የባሕር ዛፍ ወይም የወፍ ቆሎ ቅጠል በመካከሉ ብትነሰንሱ እራትን ያርቃል። የተቆፈረውን ድንች ማታ ሜዳ ላይ ክፍት አታሳድሩት፤ እንቁላሏን የምትጥለው ያኔ ነው። ከአንድ ተክል ግማሽ ኪሎ ቢገኝ ከ80ው 40 ኪሎ ይሆናል።

ለከርሞ ዘር ማስቀረት ከፈለጋችሁ ምርጫው በቆፈራ ቀን ሳይሆን በአበባ ጊዜ ነው። ጤነኛና ብርቱ ተክሎችን በእንጨት ምልክት አድርጉ፤ የእነሱን ፍሬ ብቻ ለዩ። እሱንም ቢሆን ከሁለት ወቅት በላይ አታስረዝሙት። ቆላ ቀመስ በሆነ ቦታ ክሽክሹ ቫይረሱን እየጨመረበት ዘሩ በየጊዜው ይደክማል። ከዚያ በኋላ ከአዴት ወይም ከሰከላ በኩል አዲስ ዘር አስመጡ፤ ነሐሴ ሳያልቅ።